ውጡና ጠብቁ፦ የእህቴ ሪኮመንዴሽን የተጻፈባት የፒያሳዋ ኮምፒውተር ቤት

ደሴ ፒያሳ ላይ አንዲት የኮምፒውተርና የጽሕፈት ቤት አለች። ደረጃውን ወጥታችሁ በስተግራ ነች። ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ስካነር፤ ከበሩ ውጭ በረንዳው ላይ ደግሞ አንድ የእንጨት አግዳሚ። በ2017 ጥቅምትና ኅዳር እኔና ታናሽ እህቴ እዚያ አግዳሚ ላይ ብዙ ሰዓት ተቀምጠናል። ውስጥ አስተማሪዎቿ ለአሜሪካ ኮሌጆች ስለ እሷ ሪኮመንዴሽን፣ ማለትም የምስክርነት ደብዳቤ፣ ይጽፋሉ። እኛ ውጭ ነን። ያስወጣችን የቤቷ ባለቤት ናት። ገና በመጀመሪያው ቀን "እናንተ ውጡና ጠብቁ" አለችን። የምከፍለው እኔ፣ ቲቸሩን ለምኜ ያመጣሁት እኔ፣ እንዴት ውጡ እባላለሁ ብዬ ከፍቶኝ ነበር። ስለዚህች ቤት እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ያው "ውጡ" ነው።

የቤቷን ስም አልጽፍም። ባለቤቷን ላስፈቅድ ብዬ ስጠይቃት "የፈለገ ሰው ፒያሳ መጥቶ ይጠይቅ፣ አያጣኝም" አለችኝ። ስለዚህ አሠራሯን ልንገራችሁ።

እህቴ አሥራ አንደኛ ክፍል እያለች ነው አሜሪካ ላሉ ኮሌጆች አፕላይ አደርጋለሁ ያለችው። እኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ማታ ያንኑ ዳገት ወጥቼ ነው የምኖረው። ከቤተሰባችን እንዲህ ያለ ነገር የሞከረ የለም። በ2016 ደግሞ አብዛኛውን ዓመት በክልላችን የሞባይል ዳታ ዝግ ነበር። ሌላ ቦታ ያሉ ልጆች ስለ ኮሌጅ ቪዲዮ ሲያዩ የእኔ እህት መረጃ የምታገኘው ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ፍላሽ ነበር። ዳታው ሲለቀቅ ክረምት ገብቷል። ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ አዲሱን ዓመት የሚከፍተው ደግሞ ሐምሌ 25 ቀን ነው።

ኮመን አፕን ለማታውቁት ባጭሩ። በፈረንጆች 1975 በ15 ኮሌጆች ተጀመረ፤ ዛሬ ከ1,000 በላይ ኮሌጆች ይጠቀሙበታል። አካውንት መክፈት በነፃ ነው። በአንድ ፎርም እስከ 20 ኮሌጅ ማመልከት ይቻላል። ተማሪዋ ስለ ራሷና ስለ ቤተሰቧ፣ ከክፍል ውጭ ስለምትሠራው ነገር ትሞላለች፤ ከ650 ቃል የማይበልጥ ድርሰትም ትጽፋለች። አንድ ክፍል ግን እጇን አታስገባበትም። የአስተማሪዎቿን ስምና ኢሜይል ታስገባለች፤ ሊንኩ ለእነሱ ይላካል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእነሱ ነው። ብዙዎቹ ተመራጭ ኮሌጆች የሁለት አስተማሪ ደብዳቤ ይፈልጋሉ፤ ከትምህርት ቤቱም ስለ ትምህርት ቤቱ የሚሞላ አንድ ኃላፊ። እኛን እንቅልፍ የነሳን ይህ የደብዳቤ ነገር ነው።

ነገሩን ለእናቴ ስናስረዳት ወዲያው ያሰበችው ቀበሌን ነው። "ደብዳቤ ከሆነ እኔ አወጣላችኋለሁ፣ ሊቀመንበሩን አውቀዋለሁ" አለች። አልፈርድባትም። እኛ አገር ደብዳቤ ማለት የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማኅተምና ቲተር አለው። "ለሚመለከተው ሁሉ" ብሎ ይጀምርና ግለሰቧ ነዋሪያችን መሆኗን፣ መልካም ሥነ ምግባር ያላት መሆኗን ገልጾ "ከሰላምታ ጋር" ብሎ ያበቃል። ያ ወረቀት ቢሮ ያስገባል፣ ጉዳይ ያስፈጽማል። አንድ ሰው ግን አያሳይም። ለእሱም አልተሠራም። ፈረንጆቹ የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነው። ልጅቷን ክፍል ውስጥ ያያት ሰው፣ ያየውን እንዲነግራቸው ነው የሚፈልጉት።

መጀመሪያ የሄድነው ወደዚህች ቤት አልነበረም። ከተማው ውስጥ ሌላ ቤት ነበር የጠቆሙን፤ የቱ እንደሆነ ይቅር። ልጁ ሥራውን ያውቃል፣ እጁ ፈጣን ነው። "ሪኮመንዴሽን? አለ" ብሎ አንድ ፋይል ከፈተልን። ባማረ እንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ታታሪ፣ ትሑት፣ ታዛዥ፣ የመሪነት ችሎታ ያላት፣ ሰዓት አክባሪ፣ በጓደኞቿ የተወደደች። ስሙ ያለበት ቦታ ላይ ነጠብጣብ ነው። የአንዱ ዋጋ 500 ብር። ሁለት ከወሰዳችሁ 800። "የቲቸሩን ኢሜይልስ?" አልኩት። "እኛ እንከፍትለታለን፣ እሱ ማወቅም የለበትም፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው" አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ለአንድ አፍታ ልቤ ደንግጦም ቢሆን አስቤበት ነበር። ጥቅምት ገብቷል፣ ሥራ አለብኝ፣ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቃል። እህቴ ናት ስክሪኑን ደጋግማ አንብባ "ይሄ እኮ እኔን አያውቀኝም" ያለችው። ወጣን። ማመልከቻው መጨረሻ ላይ ተማሪዋ ያቀረበችው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዋ እንደምታረጋግጥ፣ ሐሰት ከተገኘ ከገባች በኋላም ቅበላው ሊሰረዝ እንደሚችል የተረዳሁት በኋላ ነው። ያንን ደብዳቤ ገዝተው የላኩ ልጆች ይኖራሉ። አዝንላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ከደብዳቤው የተሻሉ ልጆች ናቸው።

የፒያሳዋ ሴት ስንገባ ዋጋ አልነገረችንም። ስንት ኮሌጅ እንደሆነም አልጠየቀችም። እህቴን አስቀምጣ "ማን ነው የሚያውቅሽ?" አለቻት። በኋላ እንደነገረችኝ ራሷ ስምንት ዓመት አስተምራለች፤ ቤቱን የከፈተችው ማስተማሩን ከተወች በኋላ ነው።

እህቴ ዝርዝር ይዛ ነው የሄደችው። አንደኛ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ፤ 98 ሰጥቷታል። ሁለተኛ፣ ርዕሰ መምህሩ። ሦስተኛ፣ ሆም ሩም ቲቸሯ። አራተኛ፣ የአጎታችን ጓደኛ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ዶክተር። አራተኛውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዶክተር የሚል ስም ያለው ፊርማ ይከብዳል ብዬ።

ባለቤቷ አንድ ባዶ ወረቀት ከፕሪንተሩ መዛ ሰጠቻት። "ከእያንዳንዳቸው ስም ፊት አንድ ቀን ጻፊ። አንቺና እሱ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ የሆነ ነገር የተፈጠረበት አንድ ቀን። አንቺ ካላስታወስሽው እሱም አያስታውሰውም" አለቻት።

እህቴ እስክሪብቶውን ይዛ ቀረች። የሒሳብ አስተማሪው ፊት የምትጽፈው አጣች። ፈተና ሰጣት፣ 98 አመጣች፣ አለቀ። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል በጸጥታ ተቀምጣ ደፍና የምትወጣ ልጅ ናት። የሒሳቡ ሰው ቢጽፍ ሮስተሩ ላይ ያለውን ቁጥር በቃላት ይደግመዋል፤ ቁጥሩ ደግሞ ትራንስክሪፕቱ ላይ አለ። ርዕሰ መምህሩ ፊት "ሰንደቅ ዓላማ ላይ ሸለሙኝ" ብላ ጻፈች። ባለቤቷ ራሷን ነቀነቀች። የዶክተሩ ፊት ምንም። አስተምረዋት አያውቁም፤ ያዩዋት አንድ ሠርግ ላይ ነው። እኔ ዝም አልኩ።

ከዚያ እህቴ ዝርዝሯ ላይ ያልነበረ ስም ጻፈች። የአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ አስተማሪዋን። የሰጧት 84 ነው፤ ለዚህ ነው ቀድሞም ያልጻፈቻቸው። ቀኑን ግን ገጽ ሙሉ ጻፈችው።

ላብራቶሪ ስለሌለ የስበት አክስለሬሽንን በክርና በጓጉንቸር ለኩ ብለዋቸው ነበር። እህቴ የእናቴን የጎተራ ጓጉንቸር ይዛ ሄደች። ክሩን አሥራ፣ ሃያ ጊዜ አወዛውዛ፣ በስልክ ሰዓት ያዘች። ከክሩ ርዝመትና ከውዝዋዜው ጊዜ ስታሰላው 9.2 መጣላት። መጽሐፉ 9.8 ይላል። ክፍሉ በሙሉ 9.8 ብሎ አስረከበ። እሷ 9.2 ብላ አስረከበች፤ ከሥሩም "ለምን እንደሆነ አላወቅሁም" ብላ ጻፈች። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሰልፍ ሳይጀመር ቲቸሩን በር ላይ ጠበቀቻቸው። ክሩን የለካችው ጓጉንቸሩ እስከታሰረበት ድረስ ነበር፤ መለካት የነበረባት እስከ ብረቱ መሐል ነው። አራት ሳንቲ ሜትር ጎድሏታል። አራቱን ሳንቲ ሜትር ጨምራ ስታሰላው 9.8 ሆነ። ቲቸሩ ያን ቀን ደብተሯን ይዘው ሌላ ክፍል ገብተው እንዳሳዩት ለእሷ የነገራት የዚያ ክፍል ልጅ ነው።

ባለቤቷ ወረቀቱን አንብባ "98 የሰጠሽን ሰው ተዪው። እኚህ ሰው ናቸው" አለች።

ይህን ብዙ ወላጅ አይቀበለውም። እኔም ያን ቀን አልተቀበልኩትም። ሰማንያ አራት የሰጠ ሰው ስለ ልጄ ምን ጥሩ ነገር ሊጽፍ ነው ትላላችሁ። ነገር ግን ኮሌጁ ማርኩን አይቶታል። የማያውቀው ማርኩ እንዴት እንደመጣ ነው። ትምህርቱ ከብዷት የታገለች ልጅ፣ ትግሏን ያየ አስተማሪ ካላት፣ ያ አስተማሪ የሚጽፈው ነገር አለው። ሁሉ ነገር ቀሏት ያለፈች ልጅ አስተማሪ ግን የሚጽፈው "ጎበዝ ናት" ነው፤ ከዚያ በኋላ ቃል ያልቅበታል።

ሁለተኛዋ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ነች። ኮሌጆቹ ዋና ዋና ትምህርቶችን ያስተማሩ፣ በተለይም አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያገኟት አስተማሪዎች ቢሆኑ ይመርጣሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል መስከረም ተጀምሮ ጥቅምት ላይ አስተማሪው የልጁን ስም እንኳ አልያዘም፤ ስለዚህ ለእኛ አገር ልጅ የአሥራ አንደኛ ክፍሉ ይሻላል። አንዱ ከሒሳብና ሳይንስ፣ ሌላው ከቋንቋና ማኅበራዊ ሳይንስ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው፤ ኤምአይቲን የመሰለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እንዲያውም በግልጽ እንዲህ አድርጉ ይላል። እንግሊዝኛዋ ቲቸር እህቴን ዘጠነኛም አሥራ አንደኛም አስተምራታለች። ዘጠነኛ ክፍል ማለት 2014 ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ደሴም ኮምቦልቻም ጦርነቱ ገባባቸው፤ እኛ ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ነበርን። ተመልሰን ትምህርት ሲጀመር የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወለሉ ላይ ነበር። እህቴና ሦስት ልጆች ከቲቸሯ ጋር ለሁለት ሳምንት ከሰዓት በኋላ እየቀሩ የተበተነ ገጽ ከመጽሐፉ እያገናኙ በማጣበቂያ ለጥፈዋል። ስለዚህ ነገር እህቴ ድርሰቷ ላይ አልጻፈችም። "የሁሉም ሰው ታሪክ ነው፣ ምን ብዬ እጽፈዋለሁ" አለች። ቲቸሯ ግን ያየችው ነገር ነው።

ሆም ሩም ቲቸሩን እህቴ ለይሉኝታ ብላ ጠይቃቸው ነበር። "ጊዜ የለኝም፣ ሌላ ሰው ፈልጊ" አሏት። ቤት መጥታ አለቀሰች። በማግሥቱ ለባለቤቷ ስትነግራት "እምቢ ያለሽ አስተማሪ ውለታ ነው የዋለልሽ። እሺ ብሎ ሁለት መስመር ቢጽፍ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?" አለቻት። ከዚያ በኋላ አጠያየቅ አስተማረቻት። "ይጽፉልኛል ወይ?" አትበይ፤ "ስለ እኔ የሚጽፉት ያህል ያውቁኛል ወይ?" በይ። አስተማሪው ለመሸሽ በር ይኑረው። ቢያንስ ከወር በፊት ጠይቂ። አምስትና ስድስት ሴክሽን የሚያስተምር ሰው ነው፤ የሁሉንም ፈተና የሚያርመው በሻማ ነው። የምትፈልጊውን ትምህርትና ከእሱ ክፍል የማትረሺውን ነገር በአንድ ገጽ ጽፈሽ ስጪው፤ ደብዳቤውን ግን አትጻፊለት። ከደብዳቤው በፊት ስጦታ የሚባል ነገር እንዳታነሺ። እኛ የከፈልነው የትራንስፖርትና የኢንተርኔቱን ብቻ ነው። ሁሉም ከተላከ በኋላ እናቴ ሁለቱንም አስተማሪዎች ቡና ጠርታቸዋለች። እስከ በረካ ተቀምጠዋል።

አሁን ወደ "ውጡ" ልመለስ። ኮመን አፕ ላይ አስተማሪ ከመጋበዛችሁ በፊት ፌርፓ የሚባል ጥያቄ አለ። በፈረንጆች 1974 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ ተማሪ የትምህርት መዝገቡን የማየት መብት እንዳለው ይናገራል። ጥያቄው ይህን መብትሽን ትተሽ ደብዳቤው በምሥጢር እንዲላክ ትፈቅጃለሽ ወይ ነው። መብትን ተዪ ሲባል መጀመሪያ ያስፈራል። ባለቤቷ ያስረዳችን እንዲህ ነው፦ ተማሪው የሚያነበው ደብዳቤ ለተማሪው የተጻፈ ነው፤ አንባቢው ኮሌጅ ይህን ያውቃል፣ ስለዚህ ያን ያህል አያምነውም። አስተማሪውም ነፃ ሆኖ አይጽፍም። እህቴ "ትቻለሁ" ላይ ምልክት አደረገች። ምልክት ካደረገች ደግሞ እኛ ከአስተማሪው ትከሻ ጀርባ ቆመን ስክሪን ማየት የለብንም። ስለዚህ በረንዳ።

ባለቤቷ ይህን በቁም ነገር ነው የያዘችው። አንድ ቀን ዝናብ መጥቶ "በሩ ጋ ብቻ እንቁም" ብዬ ለመንኳት። ጃንጥላ አወጣችልኝ። እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በመስታወቱ ውስጥ የማየው የፊዚክስ ቲቸሩን ጀርባ ብቻ ነው። ጎንበስ ብለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት። ይጽፋሉ፣ ይቆማሉ፣ መስኮቱን ያያሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። ወደ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። እህቴ ጥፍሯን ትበላለች። ለአንድ ተማሪ ሁለት ሰዓት! እኔ በዕድሜዬ ሁሉ ስለ እኔ ሁለት ሰዓት አስቦ የጻፈ አስተማሪ የለኝም።

ቲቸሩ የጻፉትን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ስለ ፎርሙ ግን ቡና ላይ አንድ ነገር አወሩ። ከደብዳቤው ሌላ አስተማሪው የሚሞላው ሰንጠረዥ አለ። የትምህርት ውጤት፣ የአጻጻፍ ብቃት፣ ተነሳሽነት፣ ሐቀኝነት፣ ችግር ሲገጥማት የምትሆነው፣ ለሌላው ማሰብ እያለ ይዘረዝራል። ለእያንዳንዱ ከ"አማካይ በታች" ተነስቶ በ"ጥሩ" በኩል አልፎ፣ ከመቶ አሥሮቹ አንዷ፣ ከመቶ አምስቶቹ አንዷ፣ እስከ "ካጋጠሙኝ ጥቂቶች አንዷ" ድረስ ይሄዳል። ቲቸሩ ሁሉም ላይ "ጥሩ" ሊሉ ነበር። "እኔ ተማሪን ጥሩ ካልኩ ትልቅ ነገር ነው፤ ጥሩ የምለው ስንቱን ነው?" አሉ። እውነታቸውን ነው። እኛ አገር አስተማሪ ልጅ እንዳይበላሽ ብሎ ምስጋናውን ይሰስታል። ባለቤቷ ምን ይሙሉ አላለቻቸውም። "እዚያ አገር 'ጥሩ' የሚባለው ከአማካይ አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ አራት ሳጥን አለ። ሐቁን እርስዎ ያውቃሉ" ብቻ ነው ያለቻቸው። የማያውቁት ነገር ላይ ደግሞ "መረጃ የለኝም" የሚል ሳጥን እንዳለ አሳየቻቸው። እሳቸውም አንዱ ላይ ያን መርጠዋል። የትኛው ላይ እንደሆነ አይነግሩንም።

እንግሊዝኛቸው አሳስቧቸው ነበር። ባለቤቷ የፊደል ግድፈት ታርማለች እንጂ ቃል አትጨምርም። "ግሩም" "አስደናቂ" የሚሉ ቃላት እንድትጨምርላቸው ሲጠይቋት "ማታ ቤትዎ ገብተው ስለዚህች ልጅ ለባለቤትዎ ቢያወሩ ምን ይሏቸዋል?" ብላ መልሳ ጠየቀቻቸው። "ስለ ጓጉንቸሩ ነግሬያታለሁ" አሉ። "በቃ እሱን ይጻፉ።" ይህን የነገሩን ራሳቸው ናቸው፤ ከደብዳቤው የምናውቀውም ይህንኑ ብቻ ነው።

ቴክኒኩ ላይ ቤቷ ጎበዝ ነች። የእንግሊዝኛዋ ቲቸር ኢሜይሏን ከከፈተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፣ ፓስወርዱ ጠፍቷታል፣ የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በጣለችው ሲም ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ እሱን ሲያስመልሱ ዋሉ። አዲስ ኢሜይል መክፈት ይቀል ነበር፤ ባለቤቷ ግን ለዓመታት የተጠቀመችበት በስሟ ያለ ኢሜይል ይሻላል ብላ ጸናች። መብራት ሁለቴ ጠፋ፤ ዩፒኤሱ የጻፉትን አድኖታል።

ምክትል ርዕሰ መምህሩን ያስመጣናቸው የትምህርት ቤቱን ሪፖርት እንዲሞሉ ነው። ፎርሙ አማካሪ ይላል። እኛ ጋ ያ ሥራ የተለየ ሰው የለውም፤ ተማሪውን የሚያውቅ የትምህርት ቤት ኃላፊ መሙላት ይችላል። ትራንስክሪፕቱን በማኅተም ስካን አደረጉ። ባለቤቷ ስለ ትምህርት ቤቱ አንድ ገጽ ማብራሪያ እንዲያያይዙ መከረቻቸው። ክፍሉ ስንት ተማሪ እንዳለው፣ 2014 ላይ ትምህርት እንዴት እንደተቋረጠ፣ ማርክ እንዴት እንደሚሰጥ። የአገር አቀፉን ፈተናም ነገር አስገቡበት፦ በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ናቸው። ይህን ያላወቀ ሰው የእህቴን 84 አይቶ ምን ሊል ይችላል? እኔ ብሆን በጣም ዝቅ ያለ ነው እል ነበር።

ቅሬታም አለኝ። ኢንተርኔቱ ያኔ በሰዓት 60 ብር ነበር፤ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍም ሰዓቱ ይቆጥራል። ቤቷ ጠባብ ናት፤ ፎርም የሚያስሞላ ሰው ሲበዛ ቲቸሮቻችን ተራ ጠብቀዋል፤ አንድ ቀን እንግሊዝኛዋ ቲቸር ሳይደርሳት ተመልሳለች። ባለቤቷ አፏ ፈጣን ነው፤ ልበ ስስ ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ነገር አልነገረችንም። ሁሉም ኮሌጅ ኮመን አፕ ላይ አይደለም። ኤምአይቲ የራሱ ማመልከቻ አለው፤ አስተማሪዎቹም ደብዳቤውን እዚያ ለብቻ ነው የሚያስገቡት። ይህን ያወቅነው ታኅሣሥ ገብቶ ነው። የብዙዎቹ የመጨረሻ ቀን ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነበር። የፊዚክስ ቲቸሩን ፈተና እያረሙ ሳሉ እንደገና ለምነን አመጣናቸው። አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እኔ ግን አፈርኩ። እናንተ ኮሌጆቻችሁን ለዩና እያንዳንዱ ስንት ደብዳቤ፣ በየት በኩል እንደሚፈልግ መስከረም ላይ ጻፉት። እንደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ደግሞ በመደበኛው ማመልከቻ ደብዳቤ አይጠይቁም፤ እዚያ ብቻ የምታመለክቱ ከሆነ አስተማሪ ማድከም የለም።

አስተማሪው ደብዳቤውን አንዴ ከላከ በኋላ መመለስ አይቻልም። ለዚህ ነው ያቺ ባዶ ወረቀት ዋጋ ያላት። እህቴ የመጀመሪያ ዝርዝሯን ይዛ ኢሜይሎቹን አስገብታ ቢሆን ኖሮ፣ ዶክተሩ ስለ አጎቴ ቤተሰብ ጨዋነት ጽፈው ልከው ነበር።

እህቴ ሰባት ኮሌጅ አመለከተች። አምስቱ አልተቀበሏትም። አንዱ ተጠባባቂ አደረጋት። አንዱ ከነሙሉ ድጋፉ ተቀበላት። መጋቢት ላይ ስልኬ ሲጮህ ሐረጎ መሐል ላይ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፤ ጉም ነበር፤ ቃሏ ይቆራረጣል፤ የሰማሁት "ቲቸርን ደውለሽ ንገሪያቸው" የሚለውን ነው።

ወጪያችን ለሚጠይቅ፦ ከትራንስፖርቱ ጋር ለሦስቱም ሰው 1,400 ብር ገደማ። በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ መተየብ ገጹ 30 ብር፣ ስካን 10 ብር ነበር፤ አሁን ሳይጨምር አይቀርም። ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ለጁምዓ ዝግ ነች። ቅዳሜ ጠዋት ሰው ይበዛል፤ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። አስተማሪያችሁ ፓስወርዱን ከቤት አስታውሶ፣ የድሮ ሲሙን ይዞ ይምጣ። እናንተ ደግሞ ኅዳር ከሆነ ጋቢ ያዙ፤ በረንዳው ላይ የጦሳ ተራራ ንፋስ ይመታል።